ሰባት እርምጃ ከወይራው

ልጄ ሥራዋን ስትነግረኝ መጀመሪያ የገባኝ መሬት መለካቷ ብቻ ነበር። መሬት የሚለካ ሰው ደግሞ በእኛ አገር በደኅና ዓይን አይታይም። ገመድ የያዘ እንግዳ ማሳ ዳር ከታየ ሰው ሁሉ ከቤቱ ይወጣል፤ አንዱ ዱላ ይዞ፣ አንዱ ሽማግሌ ይዞ። እሷ ገመድ እንኳ የላትም። የያዘችው መዳፍ የምታህል መሣሪያ ናት፤ ጂፒኤስ ትላታለች። ዛፍ ሥር ቆም ትልና «ነጥብ ወሰድሁ» ትላለች። ከየት ነው የምትወስጂው ብላት «ከሰማይ» አለችኝ።  በዚህ ዘመን ከሰማይ የሚመጣው ዝናብ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በእኛ በኩል አልቀረም።

እኔ የምኖረው ቢቸና ነው፤ ጌሾና ብቅል እሸጣለሁ። የተማርሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ይህንም የምጽፈው እየሰረዝሁ፣ እንደገና እየጀመርሁ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ተምራ ሞጣ ላይ የደን ባለሙያ ሆና ተቀጠረች። መንገዱ ሲዘጋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል፤ እንዲያ በሆነ ቀን ጌሾ እየመዘንሁ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው። ደንበኞቼ «ሚዛንሽ ዛሬ አልቆም አለ» እያሉ ይስቁብኛል። ሚዛኑ ምን አደረገ።

አንድ ቀን ስልኩ ሲመለስ ደወለች። «እማ፣ አሁን የማንን ደን ይዤ እንደምሠራ ታውቂያለሽ? የተወለድሁበትን ደብር! ነይና አገሩን ታሳዪኛለሽ» አለችኝ። ድምፅዋ የደስታ ነው። እኔ ግን ስልኩን ይዤ ቁጭ አልሁ።

ያ ደብር ከሞጣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ያገባሁት እዚያ ነው፤ የወለድሁትም እዚያ። ወደ ቢቸና የመጣነው ይቺን ገና አዝዬ ሳለሁ ነው። እዚያ፣ ከቅጥሩ ውጭ ከምንጩ በላይ፣ ሌላ ልጅ አለችኝ።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ ሰማንያዋ አልሞላም። አንድ ጠዋት ጡት አልይዝ አለች፤ ቄስ ተጠርቶ ሳይደርስ ቀትር ላይ አለፈች። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን በእኛ ዘንድ ከቅጥሩ ውስጥ አይቀበርም ነበር። ፍትሐት የለው፤ ለቅሶም አይቀመጡለት። አማቴ በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዷት፤ ሲመለሱ እጃቸውን ታጠቡና ሥራ ጀመሩ። እኔ አራስ ነበርሁ፤ ከቤት አልወጣሁም። ኋላ ደኅና ስሆን፣ ውኃ ልንቀዳ ነው ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ከቅጥሩ ውጭ ብቻዋን የቆመች ወይራ አለች። «ጀርባሽን ለግንዱ ስጪ፤ ፊትሽን ወደ ምንጩ። ሰባት እርምጃ ነው» አሉኝ። ቆሜ አየሁ። ሣር ነው። «ድንጋይ አታስቀምጪ፤ አታልቅሺ፤ ለሰው አትንገሪ። ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ። ተሰጠኝም፤ ይቺ የደን ባለሙያዋ።

ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። የሟቿን ነገር ካነሣሁ ይቺን ወደ ራሷ ትጠራብኛለች ብዬ ነው የምፈራው። ሰው ይስቅ ይሆናል። ልጅ ቀብሮ ሌላ ያሳደገ ግን አይስቅም።

ሞጣ ስደርስ ልጄ የተከራየችበት ግቢ ገባሁ። አከራይዋ የሞጣ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ልጄን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩአት። ገና ነጠላዬን ሳላወርድ ልጄ ላፕቶፑን ከፈተችና «ነይ እዪ፣ አገርሽን ላሳይሽ» አለችኝ።

አየሁ። አንዳችም የማውቀው ነገር የለበትም።

«ይሄ የተበጣጠሰ ጎመን ምንድን ነው?»

«ደኑ ነዋ እማ! ከላይ የተነሣ ፎቶ ነው» ብላ እስክታነባ ሳቀች። «ይቺ እንደ ቁልፍ ክብ ያለችው የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ናት። ይሄ ቅጥሩ። ይሄ ምንጩ።»

ሰው አገሩን የሚያውቀው በእግሩና በፊቱ ነው። ከአናቱ ላይ ያየው የለም። ምንጩን ስታሳየኝ ግን ከዚያ ተነሥቼ ውኃ እንደምቀዳ ሆኜ በጣቴ ዳገቱን ወጣሁ። መንገዱ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው በላይ አንዲት ብቻዋን የሆነች አረንጓዴ ጠብታ አለች፤ ጥላዋ በስተጎኗ ወድቋል። ወይራዋ ናት። ጣቴን ከእርሷ ላይ አላነሣሁም።

ልጄ ደግሞ የድሮውን ፎቶ አመጣች፤ እኔ ሙሽራ በነበርሁበት ዘመን ገደማ የተነሣ ነው። ደኑ እስከ ምንጩ ወርዶ ነበር። ከዚያ የአሁኑን ደረበችበት። ዳር ዳሩ ተገምጦ አልቋል። «ዳሩ ካልተተከለ ነፋሱና ከብቱ ወደ መሃል ይገባል፤ ትልልቆቹም ይደርቃሉ። ምንጩም አብሮ ይሄዳል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምንጩ በእኔ ጊዜ እንስራ እስኪሞላ እንኳ አያስቆምም ነበር፤ አሁን ሴቶቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

«አሁን ደግሞ እቅዱን እዪ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ» አለችና አንዲት ነገር ጎተተች። ፎቶው ተንጋደደና ዳገት ሆነ፤ እኔም በዳገቱ ላይ የምሄድ መሰለኝ። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ነጭ ቦታ ላይ ጥድና ዝግባ ይበቅል ጀመር፤ ዓይኔ እያየ ይረዝማል። «ይሄ ነጩ ባዶ ቦታ ነው። ሁሉም ይተከላል» አለች።

ከወይራዋ አጠገብ፣ ወደ ምንጩ በኩል፣ አንድ ዝግባ ብቅ አለ። አደገ። ሥሩ አይታይም። እኔ ግን ሥሩን ነበር የማየው፤ ከሥሩም በፊት የሚቆፈረውን ጉድጓድ። ጠረጴዛውን ያዝሁ።

«ምነው እማ?»

«ዓይኔን አዞረኝ።»

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። 

በማግሥቱ ደብሩ አጠገብ ባለው አዳራሽ ስብሰባ ሆነ። ልጄና ባልደረቦቿ ነጭ አቡጀዲ ሰቀሉ፤ መስኮቱን በጆንያ ጋረዱት፤ ጄነሬተሩ ውጭ እየጮኸ ያንኑ ሥዕል ለአገሩ ሰው አሳዩ። ሰው ጣራውን ሲያገኝ በአንድ አፍ «እሰይ!» አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ልጄ፣ ከሰማይ ይህን ያህል የምታዪ ከሆነ የጠፋ ወይፈኔን ፈልጊልኝ፤ ሦስት ቀኑ ነው» አሏት።

«አባቴ፣ ፎቶው የባለፈው ዓመት ነው።»

«እንግዲያማ ያኔ አልጠፋም ነበር፤ አሳዪኝና ልሰናበተው!»

ሳቁ ሲበርድ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ብድግ አለ። ከቅጥሩ ውጭ ባለው ሣር ከብቱን የሚያሰማራ እሱ ነው። «ለበሬዬ ዝግባ ነው የማበላው? ችካል ትተክላላችሁ፣ እኔም እነቅላለሁ። ሰው ሁሉ ይስማ!» አለና ተቀመጠ። የደብሩ አለቃ ገሠጹት። ሌላው ሰው ግን ተስማማ፤ ምንጩ አስፈርቶታል። ያ ነጭ ቦታ በአቡጀዲው ላይ ሲመጣ ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቶች አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፍቼ ስለነበር ለምን እንደሆነ ልብ አላልሁም።

ችካሉ በሁለት ቀን ተተከለ። ጉድጓዱ የሚቆፈረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው ተባለ።

የገበያው ቀን ሰው ሁሉ ሞጣ ሲወርድ እኔ ወደ ደብሩ ወጣሁ። ለልጄ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብያታለሁ። ወሰን የሚነቅል ሰው የተረገመ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌአለሁ። ይሄ ወሰን አይደለም፣ ችካል ነው እያልሁ ለራሴ ተከራከርሁ። ወይራዋ አርጅታለች፤ ግንዷ በአንድ ወገን ተሰንጥቋል። በዙሪያዋ ያለውን ችካል አንድ በአንድ እየወዘወዝሁ ነቀልሁና ከምንጩ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ጣልሁት። ጉድጓዱን በእግሬ ደፈንሁ። እፎይ አልሁ። አበቃ፣ ቦታው እንግዲህ አይገኝም ብዬ ነው። እኛ የምናውቀው ይህን ነው፤ የመሬት ምልክት ድንጋይ ነው፣ እንጨት ነው። ድንጋዩ ከተነሣ ሽማግሌዎቹ እስኪሞቱ ይጣላሉ እንጂ ቦታውን ማን መልሶ ያገኘዋል።

ሞጣ ስመለስ አከራይዋ እጄን አዩት። «እኅቴ፣ ዘመድ ጥየቃ ነው የሄድሽው ወይስ እንጨት ለቀማ?» አሉና መርፌ አምጥተው ስንጥሩን አወጡልኝ። ሌላ አልጠየቁም።

ልጄ ነገሩን የሰማችው በማግሥቱ ነው። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ እቴ። «ይንቀሉት! ነጥቡ እዚህ ውስጥ አለ» ብላ ላፕቶፑን ቸብ አደረገችው። መሣሪያዋን ይዛ ሄደች፤ ማታ ስትመለስ «ይገርምሻል እማ፣ አዲሱ ችካል የገባው እዚያው የተደፈነው ጉድጓድ ላይ ነው» አለችኝ። እንደ ጨዋታ ነው የነገረችኝ።  ያ ቦታ እኔና አማቴ ብቻ የምናውቀው ነበር። አሁን ሰማይ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ባዶ ብሎ ነው።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ደኅና ነበር። ደብሩ ላይ ግን አገሩ ያን ገበሬ ያዘው። እነቅላለሁ ያለው እሱ ነዋ። እሱ ማለ፣ ተገዘተ፤ የሚያምነው ጠፋ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ላይ አገር በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው ሳይገኝ አይበተንም፤ ካልተገኘ ካህኑ መስቀል ይዞ ያወግዛል። ሰውየው ደግሞ «ከሰማይ የምታየው ልጅ እኔን ካስወገዘችኝ፣ እሷም በዚህ መንገድ ነው የምትመላለሰው» አለ ተብሎ ተወራ። ይህን ወሬ ልጄ ራሷ ነገረችኝ። «ተናዶ ነው» አለች። እሑድ ግን የግድ መሄድ ነበረባት፤ ባለ ችካሏ እሷ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት አከራይዋን ሱቃቸው ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው። ይህን ነገር ከሰው ጋር ያወራሁት ያኔ መጀመሪያዬ ነው። የያዙትን ጨርቅ አጥፈው ጨረሱ።

«ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል» አሉ በመጨረሻ። «ቢሰፋስ፣ አገሩን በሙሉ እዚያ አታሳድሪም። ዝም ካልሽ ሰውየው ይወገዛል። ሰውየው ከተወገዘ ልጅሽን ይጠብቃታል። አንቺ የትኛዋን ልጅሽን ነው የምትጠብቂው?»

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያስ አፍሽን ክፈቺ እንጂ!» አሉኝ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ።

እሑድ ሰው በደጀ ሰላሙ ፊት ተቀመጠ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። ያ ገበሬ ብቻውን መሃል ቆሟል። ልጄ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ናት፤ መሣሪያዋ በእጇ። አለቃው ማን እንደነቀለ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። መስቀሉን ከካባቸው ውስጥ አወጡ።

«የነቀለ፣ ሲነቀል ያየ፣ አውቆም የደበቀ…» ብለው ጀመሩ።

ሲነቀል ያየ የለም። አውቆ የደበቀ ግን፣ እስካሁን ያላወቀችው ልጄ ነገ ብታውቅና ለእኔ ብላ ብትደብቅ፣ ውግዘቱ እሷን ያገኛታል። ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ተነሣሁ።

«አባ፣ መስቀሉን ያውርዱልኝ። እኔ ነኝ።»

«እማ! ምን ሆነሽ ነው?» አለች ልጄ።

«ዝም በይ አንቺ። እኔ ነኝ የነቀልሁ።»

ገበሬው ዞሮ አየኝ። «አንቺ ሴትዮ! ሰሞኑን ሙሉ ሚስቴ እንኳ ጠላ አልቀዳችልኝም፤ የምሰማው ነቃዩ አንተ ነህ ብቻ ነው!» ሰው ሳቅ ጀመረ። እሱ ግን አልሳቀም። «ለምን? የከብት አንድ እግር የለሽ እዚህ።»

ለምን።  «ልጅ አለችኝ እዚያ» አልሁ። «ሰማንያዋ ሳይሞላ የሞተች። ከወይራዋ በታች። ጉድጓዱ እሷ ላይ ነው የሚቆፈረው።»

 ልጄን ማየት አልቻልሁም። የእግሬን አውራ ጣት ነበር የማየው። አለቃው መስቀሉን ወደ ካባቸው መለሱ። ከሴቶቹ ወገን አንዲት በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት እንደተቀመጡ «የኔ ሁለት ናቸው» አሉ። «መንትያ ነበሩ። ከመታጠፊያው በላይ።»

«የኔ አንድ» አለች ሌላዋ።

«የእኔ እናት ነግራኛለች፤ ወንድሜ እዚያ ነው» አለች ደግሞ አንዲት ልጅ ያዘለች።

አለቃው ግራ ገባቸው። «እናንተ ሴቶች፣ ይህን ሁሉ ዘመን፣ በስብሰባውስ ቀን፣ ለምን አልተናገራችሁም?»

«ማን ጠየቀን አባ?» አሉ ባለ ምርኩዟ። «ልጅቷ ባዶ ነው ስትለን፣ የተማረች ናት፣ ታውቃለች አልን።»

ከዚያ የገበሬው ሚስት ተነሣች። ባሏን አየችና ወደ ወይራዋ በእጇ አመለከተች። ባርኔጣውን አወለቀ። ይቅርታ ልጠይቀው ሄድሁ፤ ጉልበቱ ላይ ሳልደርስ አነሣኝ። «በሬ እዚያ አላስገባም ከእንግዲህ» አለኝ ቀስ ብሎ። የእሱም እዚያ እያለ በሬ ያስገባ የነበረው ረስቶት ይሁን ወይ ሳይረሳ የረሳ መስሎ፣ አልጠየቅሁትም።

ልጄ ወደ ወይራዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ደረሰችብኝ። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ለእኔ ሳትነግሪ ለአገር ትነግሪያለሽ?»

«ትጠራብኛለች ብዬ ነው።»

«ማን?»

«እሷ።»

 ቀድማኝ ሄደች። ሴቶቹ ከኋላችን ይመጣሉ፤ ምርኩዝ ያላቸው ቀስ እያሉ፣ ያዘለችው እየቆመች። ልጄ እያንዳንዳቸውን ጠየቀች፤ እነሱም ያወቁትን ያህል አሳዩ። አንዷ በድንጋይ፣ አንዷ በመታጠፊያው፣ አንዷ «ከዚህ እስከዚያ ባለው ውስጥ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም» ብላ። ልጄ «እንዲህ ከሆነ ነጥብ አላደርገውም፤ ሰፋ አድርጌ ክብ አከብበዋለሁ፤ ጉድጓድ አይገባበትም። ችግኙ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ደኑም እስከ ምንጩ ይደርሳል» አለቻቸው። እየዞረች ከበበች። ሴቶቹ ከኋላዋ ሆነው ይከተሏታል።

በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጣች። «የእኔዋስ?» አለች። የእኔዋ ነው ያለችው።

ጀርባዬን ለወይራዋ ሰጠሁ፤ ፊቴን ወደ ምንጩ። አማቴ ያሉኝን ነገርኋት። ሰባት ብዬ ስራመድ ግን ወደ ቁልቁለቱ አለፍሁ፤ የማስታውሰው ቦታ ወደ ኋላ ቀረ። ተመልሼ ሞከርሁ። እንደገና አለፍሁ። ይህን ያህል ዘመን ጠብቄ አሁን አጣኋት ብዬ ላብ ወረደኝ።

«የማን እርምጃ ነው ሰባት የተባለው?» አለች ልጄ።

«የአያትሽ።»

«አያቴ ረጅም ነበሩ?»

ያኔ ነው የታየኝ። አማቴ ድንክ ቢጤ ነበሩ፤ ትከሻዬ ላይ ነው የሚደርሱት። ልጄም የወጣችው እሳቸውን ነው፤ ቁመቷም፣ አረማመዷም፣ እግሯን ጠጋ ጠጋ አድርጋ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰው ሁሉ «አያቷን» ይላት ነበር።

«አንቺ ተራመጂ» አልኋት።

መሣሪያዋን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ጀርባዋን ለወይራዋ ሰጠች። ሴቶቹ ቆመው ያያሉ። አንድ ብዬ ቆጠርሁላት። ሁለት። ቁልቁለቱ ላይ እንዳያዳልጣት ፈራሁላት፤ እኔ መቼ አልፈራ። አምስት። ስድስት። ሰባተኛውን እግሯን አነሣችና አላሳረፈችውም። በአንድ እግሯ ቆማ፣ ቀስ ብላ ወደ ኋላ መለሰችው።

«እማ» አለች ሳትዞር፣ «ታላቄ ናት ማለት ነው?»

«ታላቅሽ ናት።»

ነጠላዋን ከአንገቷ አወረደች፤ አጎነበሰችና በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቀስ አድርጋ፣ ሣሩን በእጇ ነካችው።